ወንድሜ ለጾም አረቄ ሲያቆም ለምን ታመመ?

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ወንድሜ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ አረቄ ይጠጣል። አምና በዐቢይ ጾም መግቢያ እናታችን ፊት አስምዬው አቆመ። በማግስቱ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል እያለ ሲጮህ አደረ። ጎረቤት መንፈስ ነው አለን። ጠዋት አንድ መለኪያ ስንሰጠው ተረጋጋ፤ ከዚያ ወዲህ ይጠጣል። ዘንድሮ እንደገና ሊያቆም ነው። ዲያዚፓም የሚባል ማረጋጊያ ኪኒን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ በቀን ስንት ልስጠው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ከኪኒኑ በፊት ያልጻፉትን ጥያቄ ልመልስ። ወንድምዎን ያሳመሙት እርስዎ አይደሉም። አላበደምም።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለመቋቋም ዘወትር ራሱን እያነቃቃ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ያ መነቃቃት የሚገታው ያጣል። ሰዉ ሀራራ የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ መለኪያ ያረጋጋውም ለዚህ ነው፤ መንፈስ ቢሆን ኖሮ አረቄ ባላስታገሰው።

የሚያስፈራኝ ያ ሦስተኛው ሌሊት ነው። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና የልብ ምቱ መፍጠን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ሰውየው እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ያለበትን ቦታና ቀን መሳት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። በዚያች ሌሊት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነበረባችሁ! እስኪነጋ መጠበቃችሁን ሳነብ አዝኛለሁ፤ ተርፏልና እግዚአብሔር ይመስገን። አምና እንዲህ የሆነ ሰው ዘንድሮ ሊብስበት ስለሚችል በቤት ማቆም አይገባውም።

ቢያንዘፈዝፈው ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ቁልፍ አታስጨብጡት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ። ክብሪቱን በየቤቱ አየዋለሁ፤ ጭሱ ለመተንፈስ የሚታገልን ሰው ከማፈን በቀር የሚያቆመው ነገር የለም። በጎኑ አስተኙት፣ ድንጋይና ስለታም ነገር አርቁለት፣ መኪና ጥሩ።

ወደ ዲያዚፓሙ ልመለስ። እኛም ሆስፒታል ውስጥ እንሰጠዋለን፤ ነገር ግን የልብ ምቱንና አተነፋፈሱን በየሰዓቱ እያየን ነው። ወንድምዎ ኪኒኑን ውጦ ተደብቆ ሁለት መለኪያ ቢጨምርበት ተኝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በቀን ስንት ለሚለው መልሴ አንድም አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሸጠልዎትም ሰው ጥፋተኛ ነው።

ጸበሉን አልቃወምም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ይሂድ። በእነዚያ ቀናት ግን ምግብ አይከልክሉት። አረቄ የለመደ ሰው ሰውነት ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ቢ1 ያጥረዋል፤ እጥረቱ አንጎልን ይጎዳል፤ ለዚህም መርፌው አለ።

ሐኪም እስኪያየው በድንገት አያስቁሙት። በዚህ ሳምንት አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ኪኒኑንም ይውሰዱት። ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ በትክክል ይናገር፤ ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ስላለው ትንሽ ነው የሚባለው ትንሽ አይደለም። የአምናውን ሌሊት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሳያፍሩ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ተኝቶ እንዲታከም የሚወስነው ያንን ሲሰማ ነው።