ስለ ህንድ ጩቤዎች የወርቅና የብር ጌጥ የጠየቃችሁኝ

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ካታር (በቡጢ ተጨብጦ የሚወጋበት የህንድ ጩቤ) ላይ ያለው ወርቅ በምንድን ነው የሚጣበቀው?

መልስ፦ ሙጫም ብየዳም የለውም። ኮፍትጋሪ ይባላል። ባለሙያው ብረቱን በስለታም መሣሪያ እያቆራረጠ ጥቅጥቅ አድርጎ ይጭረዋል፤ እጅህን ብታሳርፍበት እንደ ሞረድ ይሻክራል። ከዚያ ፀጉር የመሰለች የወርቅ ሽቦ በንድፉ ላይ እያስኬደ በትንሽ መዶሻ ይቀጠቅጣታል፣ ጭረቱም ነክሶ ይይዛታል። ሰፊ ቦታ ከሆነ ሽቦውን ጎን ለጎን ይደረድራል። ቀጥሎ ያሞቀዋል፣ በለስላሳ ድንጋይም ያሸዋል።

ተህኒሻን ግን ሌላ ነው። እዚያ ቦይ ይቆፈራል፤ የቦዩ ሥር ከአፉ ሰፋ ስለሚል የተቀበረው ወፍራም ሽቦ አይወጣም። ወርቅም ጉልበትም ይበላል። ወርቁ የረገፈበትን ቦታ በማጉያ መነጽር እዩ፦ ጭረት ካለ ኮፍትጋሪ፣ ቦይ ካለ ተህኒሻን። ሁለቱም ከሌሉ ምናልባት በባዜቃ (ሜርኩሪ) ተለውሶ የተለበጠ ወይም የኤሌክትሪክ ቅብ ነው። እንዳትወለውሉት!

ከሪያድ፦ የእኔ ደብዝዟል፤ በምን ላጽዳው?

መልስ፦ አሁን አልኩ እኮ። የኮፍትጋሪ ወርቅ ስስ ነው፤ የብረት መወልወያ ክሬም ጠርጎት ይሄዳል።

ሰብሳቢ፦ ሻጩ «የሙጋል ዘመን ነው» ብሎኛል። ጌጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባ ነው፣ ስለቱ ግን ደነዝ።

መልስ፦ ለሻጭ ሁሉም ሙጋል (ከእንግሊዞች በፊት ህንድን የገዛው ሥርወ መንግሥት) ነው። እንግሊዞች በ1849 እ.ኤ.አ. ፑንጃብን ሲይዙ እዚያ የነበረው የሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) መንግሥት ፈረሰ፤ የሲያልኮትና የጉጅራት ባለሙያዎችም የጦር መሣሪያ ገበያቸው ተነፈገ። (ጉጅራት ስል የፑንጃቧን ከተማ ነው፣ የህንዱን ጉጃራት ክፍለ ሀገር አይደለም። ሁለቱም ከተሞች ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናቸው።) ስለዚህ ለአውሮፓውያን ትሪና ሳጥን፣ ለግድግዳ የሚሰቀል ጩቤም ሠሩ። በ1851 እ.ኤ.አ. የለንደን ኤግዚቢሽን ላይ የህንድ ያጌጡ መሣሪያዎች ብዙ ተመልካች ነበራቸው። ያንተ ደነዝ ስለት ከዚህ ወገን ይመስለኛል። ኡዳይፑርና ጃይፑር በሚባሉ የህንድ ከተሞች ውስጥ ኮፍትጋሪ ዛሬም እንደሚሠራ አትርሳ።

የፋርስ ወዳጅ፦ ይህን ጥበብ ለህንዶች ያስተማረው እኮ ፋርስ ነው!

ሰብሳቢ፦ አንተ ደግሞ ሁሉን ለፋርስ ትሰጣለህ። ካታርስ የማን ነው?

የፋርስ ወዳጅ፦ የካታሩን ቅርጽ ማን ነካህ? ስለ ወርቁ ነው የማወራው። ቃሎቹ እንኳ ፋርስኛ ናቸው።

መልስ፦ ቃሉ ፋርስኛ ነው፤ እጁ የሲያልኮት ነው። እዚህ ላይ አቁሙ።

ጀማሪው፦ ቢድሪ ጩቤስ አለ?

መልስ፦ እጀታ ሊሆን ይችላል፣ ስለት አይሆንም። ቢድሪ ከዴካን (ከደቡብ ህንድ አምባ)፣ ከቢዳር ከተማ የመጣ፣ ብር የሚቀበርበት ሥራ ነው፤ ማዕድኑ አብዛኛው ዚንክ፣ ጥቂት መዳብ። ብሩ ከተቀበረ በኋላ በቢዳር ምሽግ አፈርና በአሞኒየም ክሎራይድ ያሹታል፤ ዚንኩ ይጠቁራል፣ ብሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቢድሪን የወለወለ ደግሞ ጥቁሩን ይገፍፈዋል። በሁቃ (ሺሻ) መጠጫ ላይ ይበልጥ ታገኙታላችሁ።

አዲስ አባል፦ ፎቶ ልኬያለሁ፤ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ በዚህ ጨለማ ፎቶ? ዋጋ አልገምትም። የወርቁን ጠርዝ አቅርበህ አንሳ።

ከሪያድ፦ ጋሼ፣ በኮምጣጤ ቢሆንስ?

መልስ፦ ወንድሜ! አሲድ ብረቱን ያስዝገዋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከሥር እያበጠ ወርቁን ይነቅለዋል። ቀጭን የማሽን ዘይት በለስላሳ ጨርቅ ቀባ አድርግና ተወው። ሌላ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።