ቅባታም ፊትና የባሕር ዳር ፀሐይ

እህቴ፣ «በቀን አራት ጊዜ በሳሙና እየታጠብኩም ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ግንባሬ ወዝ በወዝ ይሆናል፣ ፋውንዴሽኑም ይቆራረጣል» ብለሻል። እኔም የምኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ በደንብ ይገባኛል።

መጀመሪያ መታጠቡን ቀንሺ። ጠዋትና ማታ፣ ካላበሽ ደግሞ አንዴ ጨምሪ። ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፣ ያስቆጣል እንጂ ወዝ የሚያመነጩትን እጢዎች አያቆምም። 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ (የቆዳ ቀዳዳን የሚያጸዳ ንጥረ ነገር) ያለው የፊት መታጠቢያ ካገኘሽ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሞክሪው። ከታጠብሽ በኋላ ቀለል ያለ፣ ዘይት የሌለው ሎሽን ተቀቢ። ቅባታም ፊትም ይደርቃል።

ሎሚ ቀቢ የሚሉሽን ግን እባክሽ አትስሚ! የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ቶሎ የማይለቅ ጥቁረትም ይተዋል። ከተማችን ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐዩ ይበረታል። ጣና ዳር ስትወጪ ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ነው የሚመጣው። ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጄል መሰል ሰንስክሪን አይቅርብሽ።

ፋውንዴሽኑን ስስ አድርገሽ ተቀቢ። ቀን ላይ ወዝ ሲወጣ ፓውደር አትደራርቢ። ሶፍት ወስደሽ ንብርብሩን ለሁለት ለዪው፣ አንዱን ስስ ሽፋን አፍንጫሽ ላይ ጫን አድርገሽ አንሺው። አትሺው። ከዚያ ትንሽ ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ።

ፀጉርሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ? እኔ ቅዳሜ ተቀብቼ ስተኛ ሌሊት ቀልጦ ይወርድና ግንባሬ ጠርዙን ትንንሽ ብጉር ያወጣብኝ ነበር። አሁን ሻሽ ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ፣ ጠዋት ግንባሬን ታጥቤ የትራስ ልብሱን እቀይራለሁ። ብጉሩ በጣም ቀንሶልኛል።