ጥያቄና መልስ፦ ስታዲየም ውስጥ ቢራ ሸጠን ለቤተ ክርስቲያን ብናስገባ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉልን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ኦሃዮ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የደብራችን ወጣቶች ለሕንፃው ማሠሪያ ገንዘብ እናሰባስብ ብለው አንድ ሐሳብ አመጡ። እዚህ የኮሌጅ ፉትቦል ሲኖር ስታዲየም ውስጥ ምግብና መጠጥ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፣ እዛ በቡድን ሆነው በነጻ ከሠሩ ድርጅቱ ከሽያጩ ፐርሰንት ለማኅበር ይሰጣል፣ የአሜሪካኖቹ ቸርቾችም ይሠሩታል አሉን። ችግሩ የደረሰን ሱቅ ሆትዶግና ውኃ ብቻ ሳይሆን ቢራም ይሸጣል፣ እንደውም ዋናው ገንዘብ ከቢራው ነው። ሰበካ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ "ጠላ እየጠመቅን ቢራ ኃጢአት ነው ልንል ነው?" ይላል፣ ግማሹ ስሙን መስማት አይፈልግም። ልጄ ደግሞ 19 ዓመቱ ነው፣ እዛው ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ "እማዬ ውስጥ ባይሸጥ እኮ ውጪ ነው የሚጠጡት" ይለኛል። ለመሆኑ ተማሪ ባለበት ቦታ መጠጥ መሸጡ ራሱ ልክ ነው ወይ? እኛስ ብንሸጥ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኅቴ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ።

ከሚቀለው ልጀምር። መጠጥ በራሱ ርኩስ ነው የሚል ትምህርት በኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን የምናከብር ሰዎች ነን፣ ጌታ ውኃውን ወይን አደረገው ብለን ዘምረን ቤት ስንገባ ወይን የሰይጣን ነው ብንል ማን ይሰማናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆድህና ስለ ሕመምህ ጥቂት ወይን ጠጣ ይለዋል፣ ይኸው ጳውሎስ ነው ለኤፌሶን ሰዎች በወይን ጠጅ አትስከሩ ብሎ የጻፈው። ዮሐንስ አፈወርቅም ወይን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ስካር ግን የዲያብሎስ ሥራ ነው ብሎ ለይቶታል። ስለዚህ ጠላውን ያነሱት ወንድሞች እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው፣ ግን ያነሱት ጠላ ዞሮ በራሳቸው ላይ ነው የሚመሰክረው፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስታዲየሙ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድም "መምህር አሜሪካ ኖረው ይሄን ሳያዩ አይቀሩም" ብሎ ይዞኝ ሄደ (ፉትቦል የሚሉት በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ነው፣ ሕጉ እስካሁን አልገባኝም)። ጨዋታው ቀን 6 ሰዓት ነው፣ እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንደርስ ፓርኪንጉ እንደ ጥምቀት ሜዳ ሞልቷል፣ የመኪናውን ኋላ ከፍተው ሥጋ ይጠብሳሉ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን በየመኪናው ሥር አለ፣ ቴልጌት ይሉታል። ደስ የሚል ነገርም አለው፣ የማያውቁንን ሰዎች ኑ ብሉ እያሉ ሲጠሩን አገር ቤት ያለን ነው የመሰለኝ። ወደ መግቢያው ስንጠጋ ግን የልጅሽ እኩያ የሚሆን ልጅ አየሁ፣ ቆርቆሮ ቢራ ይዟል፣ ይዞ መግባት አይቻልም፣ መጣሉ ቆጨው መሰለኝ እዛው ቆሞ ገለበጠው፣ የጓደኛውንም ተቀብሎ ገለበጠ፣ ከዛ ቲኬቱን ስልኩ ላይ መክፈት አቅቶት ሌላ ልጅ ከፈተለት። ገና ጨዋታው አልጀመረም።

እና ልጅሽ ዝም ብሎ አልተናገረም። ዩኒቨርሲቲዎቹም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2011 በፈረንጆቹ፣ ኦሊቨር ለክ የስፖርት ዳይሬክተር በነበረ ጊዜ፣ ስታዲየም ውስጥ ቢራ መሸጥ ጀመረ። ከዛ በፊት ሰው በእረፍት ሰዓት ወጥቶ መኪናው ጋ ጠጥቶ ተመልሶ ይገባ ነበር፣ ቢራውን ውስጥ ሲፈቅዱ ይሄን መውጣትና መግባት ዘጉት፣ ከዛ የካምፓስ ፖሊሱ በጨዋታ ቀን ከመጠጥ ጋር የሚመጣው ረብሻ ቀነሰ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ይሄን የሰሙ ሁሉ "አየህ፣ መሸጥ ነው መፍትሔው" አሉ።

ግን ሌላም አለ። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ተቃራኒውን ነው ያደረገው፣ ስታዲየም ውስጥ ይሸጥ የነበረውን ቢራ ከለከለ፣ በኋላ ሲጠና የሚታሰረውም፣ የሚደባደበውም፣ ከስታዲየም የሚባረረውም በጣም ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ አንዱ ሸጦ ቀነሰለት አንዱ ከልክሎ ቀነሰለት። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም ግን እንደሚመስለኝ ዌስት ቨርጂኒያን የጠቀመው ቢራው ሳይሆን የተዘጋው በር ነው። በሩን ሳይዘጉ ቢራውን ብቻ የጨመሩ ደግሞ ፓርኪንግ ላይ የተጠጣው ላይ ደረቡበት ማለት ነው።

ያም ሆነ ይህ ነገሩ አሁን ካለቀ ቆይቷል። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ2015፣ እናንተ ጋ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2016 በመላው ስታዲየም መሸጥ ጀመሩ፣ በደቡብ በኩል ያሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉበት ኤስ ኢ ሲ የሚባለው ሊግ በ2019 የድሮ ክልከላውን አንስቶ ለየዩኒቨርሲቲው ተወው፣ ሚሺጋን ሕግ ተለውጦለት በ2024 ጀመረ። ኤስ ኢ ሲ ሲፈቅድ አጥር አበጅቷል፣ ቢራና ወይን ብቻ፣ በየሱቁ አይዲ እየታየ፣ ለአንድ ሰው በአንዴ የሚሸጠው ተወስኖ፣ ከጨዋታው አራት ክፍሎች ሦስተኛው (ኳርተር ይሉታል) ሲያልቅ ሽያጩ ይቆማል። መጠጥ በሃይማኖታቸው የተከለከለባቸው የሞርሞኖቹ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ዩታ ውስጥ እስከዛሬ አይሸጥም፣ ስታዲየሙ ግን ይሞላል፣ ሃይማኖታቸው ከኛ ጋር አይገናኝም ግን ያለ ቢራ ሰው አይመጣም ለሚሉት መልስ ነው።

እኔን ልክ ነው ወይ ካልሽኝ፣ እኔ ብሆን አልሸጥም። ትልቅ ሰው ጨዋታ እያየ አንድ ቢራ መጠጣቱን ጠልቼ አይደለም። ግን በአሜሪካ ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ መጠጥ የተፈቀደው 21 ለሞላው ነው፣ ኮሌጅ ከሚገባው ልጅ ደግሞ ብዙው አልሞላውም፣ ቀኑን ሙሉ በክፍል ስለ መጠጥ ጉዳት ሴሚናር የሚሰጠው ተቋም ቅዳሜ ቢራ ሻጭ ሲሆን ልጁ የትኛውን ይመን? የመንግሥታቸው የአልኮል ጥናት ተቋም ግምት እንደሚለው ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት የኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ 1500 የሚሆኑት ከመጠጥ ጋር በተያያዘ አደጋ ይሞታሉ። አብዛኛው የመኪና አደጋ ነው። ይሄ ሁሉ ስታዲየም ውስጥ በተሸጠ ቢራ መጣ አላልኩም፣ ግን በዚህ ላይ ገቢ መመሥረት ይከብደኛል። ያው ዩኒቨርሲቲው እኔን አይጠይቀኝም፣ የሚጠይቀኝ ያንቺ ደብር ነው።

ወደ ጠላው ልመለስ። እኔ ያደግሁት ሰንበቴ ባለበት አጥቢያ ነው፣ እናቴ ተራዋ ሲደርስ ጌሾ ወቅጣ፣ ጋን አጥና፣ ሳምንት ሙሉ ስትለፋ አይ ነበር። በሰንበቴው ቀን አሳላፊ ይቆማል። አሳላፊው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የሰፈር ሰው ነው፣ እከሌ ሲጠጣ ሚስቱን እንደሚያስቸግር ያውቃል፣ እከሌ ገደል ያለበት መንገድ እንደሚሄድ ያውቃል። አንድ ጊዜ አሳላፊው የአንድን ሰውዬ ጽዋ በእጁ ከድኖ "አንተ በቃህ፣ ቆሎህን ብላ" ሲለው አይቻለሁ፣ ሰውዬው ተቆጣ፣ አጉረመረመ፣ ቆሎውን በላ። አሳላፊው በየጽዋው የሚቆረጥለት ነገር ስለሌለ ነው ይሄን ማለት የቻለው።

እስቲ አሁን ወጣቶቻችንን እዛ ሱቅ አቁሚያቸው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አይዲ ያያሉ፣ ቆርቆሮውን ከፍተው ፕላስቲክ ብርጭቆ ላይ ይገለብጣሉ፣ ቀጣይ ይላሉ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣውን ሰው አያውቁትም፣ ቢያውቁትም በሸጡ ቁጥር ሕንፃው አንድ ብሎኬት ይጨምራል። ያን ቀን ሰው ብዙ እንዲጠጣ ልባቸው መመኘቱ አይቀርም፣ "ዛሬ ሙቀት ስለሆነ ጥሩ ይሸጣል" ማለታቸው አይቀርም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ምኞት ነው። ዕንባቆም ባልንጀራውን ለሚያጠጣና ለሚያሰክር ወዮለት ሲል የተናገረው ለአጠጪው ነው፣ ስለ ጠጪው አይደለም። ስለዚህ "ጠላ እየጠመቅን" ላሉት ወንድሞች መልሴ ይሄ ነው፣ ጠላውን ካነሳችሁ አሳላፊውንም አብራችሁ አንሱት።

ደግሞ እንዳትሳሳቺ፣ ቢራ በሚሸጥበት ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራውን ሁሉ እየኮነንኩ አይደለም። እኔ ራሴ እዚህ አገር ስመጣ ሦስት ዓመት ጋዝ ስቴሽን የሌሊት ሺፍት ሠርቻለሁ፣ ከጀርባዬ ያለው ፍሪጅ ቢራ ነበር። ስንቱ ወገናችን ነው እንደዛ ሠርቶ ልጅ ያስተማረ። ግን ደመወዜ በሰዓት ነበር፣ አንድ ቢሸጥም መቶ ቢሸጥም ያው ነው፣ የሚንገዳገድ ሲመጣ አልሸጥልህም ማለት እችል ነበር፣ ብዬም አውቃለሁ፣ ተሰድቤያለሁም። ያ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን እንጀራ አጥታ እዛ አልሄደችም፣ ወዳ ነው የምትገባው፣ ስሟንም ይዛ ነው። ገንዘብ ሁሉ ወደ መባ አይገባም፣ ይሁዳ የወረወረውን ብር እነዚያ ክፉ ካህናት እንኳን ወደ መባ ልንጨምረው አልተፈቀደም ብለዋል። ቢራና የደም ዋጋ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ግን የኛ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም እንይ። ስታዲየሙን የሚቃወመው ግማሽ ጉባኤ፣ አንዳንድ ቦታ እንደማየው፣ በገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ውስኪ በጨረታ ሲሸጥ አብሮ ያጨበጭባል። እናንተ ጋ ካለ እሱም ይቁም፣ አለበለዚያ ወጣቶቹ ይታዘቡናል፣ ቢታዘቡንም ልክ ናቸው።

ሌላው ትንሽ ነገር፣ ጨዋታው ቅዳሜ ነው። የማታ ጨዋታ ከሆነ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው የሚያልቀው፣ ሱቁን አጽድተው ሒሳብ አስረክበው ቤት ሲገቡ ለኪዳን የሚነሣ ማን ይተርፋል፣ ዘማሪዎቹም እነሱ ናቸው አይደል። ያ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ጨዋታ ደግሞ ከታንክስጊቪንግ (ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ ብለን ገና መጀመሪያው ሳምንት ላይ ማለት ነው። ይሄ ብቻውን ክልከላ አይሆንም፣ ግን ስታስቡት አስቡበት።

ስለ ልጅሽ። ስታዲየም አትሂድ አትበይው፣ ይሄዳል። የሚያሰጋው ስታዲየሙ ሳይሆን ከሱ በፊት ያለው ፓርኪንግና ከሱ በኋላ ያለው መኪና ነው። ስለዚህ ማን ነው የሚነዳው ብለሽ ጠይቂው፣ በየሳምንቱ። ኖኅ ሰክሮ በተራቆተ ጊዜ ሴምና ያፌት ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ፣ ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ እየሄዱ አለበሱት። እና ለልጅሽ "አንተም ሆንክ ጓደኛህ ከጠጣችሁ በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ፣ እስከ ጠዋት አንድ ቃል አልናገርም" በይው። ጠዋት ተናገሪ፣ እሱ መብትሽ ነው። ማታ ግን በመኪና ውስጥ ቃልሽን ጠብቂ፣ አንዴ ከሰበርሽው ሁለተኛ አይደውልም።

ለጉባኤው የምትሉትን ካላችሁኝ፣ የወጣቶቹን ሐሳብ ጨርሶ አትጣሉት፣ ልጆቹ ቅዳሜያቸውን ለቤተ ክርስቲያን እንስጥ ማለታቸው ራሱ ቀላል አይደለም። ድርጅቱን ቢራ የሌለበት ሱቅ ስጡን ብላችሁ ጠይቁ፣ ውኃ፣ ለስላሳ፣ ኅዳር ላይ ሆት ቾኮሌት የሚሸጥበት ካለ ፐርሰንቱ ያንሳል እንጂ ይሠራል። የለም ካሏችሁ ተዉት። ስታዲየሙ አጠገብ ግቢ ያለው ምእመን ካላችሁ ደግሞ በጨዋታ ቀን ግቢን ለፓርኪንግ ማከራየት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ የከተማውን ደንብ ጠይቃችሁ ሞክሩት፣ ሳምቡሳና ቡና ብትጨምሩበት ደግሞ እዛ ብርድ ላይ የማይገዛ የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።