የጓሮ ጥያቄና መልስ፦ ከፎቅ የሚመጣን ዓይን በሐረግ መከለል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎረቤታችን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርተው በረንዳው ቁልቁል ጓሮዬን ያያል። ልብስ ሳሰጣም ሆነ ከሰዓት በኋላ ቡና ሳፈላ ከላይ የሚያየኝ ሰው አይጠፋም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር በሆነው የቆርቆሮ አጥር ላይ የዶሮ ሽቦ ወጥሬ ፓሽን ፍሩት ላስወጣበት አስቤአለሁ። በያጁ ግን «ላሜራ ይሻልሻል» ይለኛል። የቱ ይበጀኛል?
ከኮተቤ

መልስ፦ እኅቴ፣ ላሜራውን ይርሱት። በክረምት ዝናቡ ሲደበድበው እንቅልፍ ይነሣል፣ በበጋ ይግላል፣ ጎረቤትንም ያስቀይማል። የዶሮ ሽቦውም አይሆንም። የሐረጉ ግንድ በጠባቡ ቀዳዳ ገብቶ ሲወፍር ታንቆ ይቀራል፤ የሐምሌ ዝናብ ያራሰው ቅጠል ሲጫነው ደግሞ እንደ አሮጌ የሽቦ አልጋ ይረግባል። ቀዳዳው 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ዚንክ የተለበጠ ወፍራም የሽቦ መረብ ይፈልጉ። እጅዎ መቀስ ይዞ ገብቶ መውጣት አለበት።

ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቡና በሚያፈሉበት ቦታ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። አንድ ልጅ አጥሩ ሥር ቆሞ ረጅም አጠና ቀጥ አድርጎ ይያዝልዎ። ጫፉ በረንዳው ላይ የቆመውን ሰው ራስ ይጋርደዋል? አይመስለኝም። የሰውየው ዓይን ከመሬት 7.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከአጥሩም 3 ሜትር ርቆ ቢሆን፣ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው መከለያ የሚሸሽግልዎ ከአጥሩ ሥር 1.5 ሜትር ያህሉን መሬት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለሰውየው ይታያል። ስለዚህ እርስዎ የሚያስፈልግዎ ግድግዳ ሳይሆን ዳስ ነው፤ በአጥሩ በኩል ወጥቶ ከቡናው ቦታ በላይ የሚዘረጋ። ልብሱ ግን ፀሐይ ይፈልጋልና ውጭ ይሰጣ። አንሶላ ቢያዩ ምን ይሆናሉ!

ለበያጁ የሚሆን ሥራ አለ። 3 ሜትር የሆኑ አራት የቱቦላሬ ምሰሶዎች ይቁረጥ፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ በኮንክሪት ይቀበራል። አናታቸው ይደፈን፤ ዝናብ ከገባባቸው ከውስጥ ይዝጋሉ። ከአጥሩ ጋር ግን አንዱንም አይበይድ። አጥሩ የጎረቤትም ነው፣ ቆርቆሮውም በበጋ ሲግል ለጋውን ቀንበጥ ያቃጥላል። ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መረቡንም በብየዳ አያጣብቅ፤ እሳቱ የነካው ዚንክ ተቃጥሎ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል፣ ጭሱም ለበያጁ መርዝ ነው። ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያያይዘው ፍሬም ተበይዶ ጸረ ዝገት ቀለም ከተቀባ በኋላ መረቡን በዚንክ ሽቦና በፒንሳ ማሰር ይበቃል። ሠራተኞች በእጃቸው ያለውን ጥቁር ሽቦ ሊያስሩበት ይቸኩላሉ፤ ዚንክ ስላልተለበጠ ይዝጋልና እምቢ ይበሉ።

ወደ ተክሉ ስንመጣ፣ ለኮተቤ ብርድ ሐምራዊው ፓሽን ፍሩት ይስማማል። ቢጫው ቆላ ይወዳል፤ በዚያ ላይ ብቻውን ሲተከል አብቦ ፍሬ የማይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ፓሽን ፍሩት የሚወጣው በሚጠመጠሙ ቀጫጭን ክሮቹ ስለሆነ ወፍራሙን ቱቦላሬ መጨበጥ አይችልም። ከሥሩ እስከ መረቡ ሲባጎ ይዘርጉለት። ዝናቡ ሲገባ፣ በሰኔ ይተከል። እሱ ዳሱን እስኪሸፍን ድረስ በዚያው ክረምት የሚወጣ አደንጓሬ አጠገቡ ይዝሩ፤ አደንጓሬ በግንዱ ስለሚጠመጠም ሲባጎውን ራሱ ያገኘዋል። ቡገንቪሊያ ላይ ዓይንዎን አይጣሉ። አበባው ያምራል፤ ግን በእሾህ ስለሚንጠላጠል ዕድሜ ልክዎን ሲያስሩት ይኖራሉ፣ የተከረከመው እሾህም የሚወድቀው ከረከቦቱ ሥር ነው።

ፓሽን ፍሩት የሚያፈራው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነውና ፍሬው ሲያልቅ አሮጌውን ያሳጥሩት። ሲበስል ደግሞ ራሱ ይወድቃል፤ በዚያ ወቅት ረከቦቱን ወደ ዳሱ ጠርዝ ፈቀቅ ቢያደርጉት ሲኒዎችዎ ይተርፋሉ።