ስለ ቤት ወፍጮና እህል አቀማመጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት ሰው ነን፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጋግራለን። የድንጋይ ወፍጮ ልግዛ ወይስ ያን እንደ ቡና መፍጫ ስለት የሚዞርበትን?

መልስ፦ ለጤፍ ከሆነ ድንጋይ። ስለታሙ ለቅመም ጥሩ ነው። ጤፍ ግን ደቃቅ ስለሆነ ከስለቱ እየሸሸ ገሚሱ ሳይፈጭ ይቀራል፤ ደጋግመው ሲያዞሩት ደግሞ ዱቄቱ ይግላል። ሞተሩም ቢሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ ነው የተሠራው። በድንጋዩ ላይ ማጥበቂያውን ባዶውን እያዞሩ ቀስ ብለው ያጥብቁ፤ ድንጋዮቹ ሲነካኩ የሚሰማውን ድምፅ እንደሰሙ ትንሽ መልሰው እህሉን ይጨምሩ። ባዶውን እየተፋጨ አይቆይ፣ ድንጋዩ ያልቃል። የወጣውን ዱቄት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹት፤ የሚንከባለል ፍሬ ካለ ትንሽ ይጥበቅ። ወፍጮ ቤት ጎረቤትዎ ከሆነና የሚፈጩት ጤፍ ብቻ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር ባይገዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ወፍጮ ልትልክልኝ ነው። በትራንስፎርመር ይሠራልኝ ይሆን?

መልስ፦ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል እየነካካ ኤሌክትሪክ የሚያቀብል) ያለው ጯሂ ሞተር ኸርዙ ብዙም አያስጨንቀውም፤ ካርቦን የሌለው ግን በስድስተኛ እጅ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። ሞተር ሲነሣ ብዙ ስለሚስብ 1200 ዋት ለሆነ ወፍጮ ቢያንስ የ2000 ዋት ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ከመሸከም ባለ 220ውን ትፈልግልሽ።

ጥያቄ፦ በርበሬና ሽሮስ በዚያው ይፈጫል?

መልስ፦ ሽሮ ተቆልቶ ከበረደ ይፈጫል። በርበሬ ለብቻው ወፍጮ ይኑረው፤ ወፍጮ ቤቶችም የሚለዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኑግ፣ ሰሊጥና ተልባ ድንጋይ ላይ እንዳይሞክሩ፤ ዘይቱ ድንጋዩን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በኋላ መፍጨቱን ትቶ ያሽ ጀመር ማለት ነው። ከደረሰብዎ ማጥበቂያውን አላልተው አንድ ኩባያ ደረቅ በቆሎ ይክኩበት። በውኃ አይታጠብም።

ጥያቄ፦ ስንዴ ስፈጭ ወፍጮው ይታፈንብኛል፣ ዱቄቱም ድንጋዩ ላይ ይጋገራል። ሞተሩ ደክሞ ነው?

መልስ፦ ሞተሩን ከመክሰስዎ በፊት እህሉን ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ስንዴ ነው። እንዲህ ይፈትኑት፦ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ሞልተው ሁለት ሦስት ማንኪያ በምጣድ የደረቀና የበረደ ጨው ይጨምሩ፤ ከድነው አንድ ደቂቃ ያህል ይነቅንቁና 15 ደቂቃ ያስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ለወፍጮ ይበቃል፤ ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ ግን 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ስለሚፈለግ ሸራ ላይ አስጥተው አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ጤፌ ዓመት ሙሉ ደህና ነው፤ ስንዴና በቆሎው ግን ነቅዞ ያልቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ነቀዝ ፍሬውን በስቶ እንቁላሉን ውስጡ ይጥላል፣ እጩም እዚያው ያድጋል። ጤፍ ለዚህ በጣም ትንሽ ነው። ንጹሕ መስሎ የገባ ስንዴ ከወር በኋላ ነቅዞ የሚገኘውም በዚህ ነው፤ እንቁላሉ ከማሳ ወይም ከገበያ አብሮ መጥቷል።

መፍትሔው ፒክስ የሚሉት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፦ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያ ከውጭ። መጀመሪያ ላስቲኮቹን በአየር ነፍተው ሲጫኑት ይተነፍስ እንደሆነ ይፈትሹ። ደረቅና የቀዘቀዘ እህል እየጠቀጠቁ ይሙሉ፤ ከፀሐይ እንደተነሣ ትኩሱን ካስገቡት ላስቲኩ ውስጥ ላብ ይዞ ይሻግታል። ከአፉ ስንዝር ተኩል ያህል ይተዉ፤ አየሩን አስወጥተው የውስጡን ላስቲክ ጠምዝዘው፣ አጥፈው ይሰሩ፤ ሁለተኛውንም ለብቻው፣ ማዳበሪያውንም ለብቻው። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። «ሞተ ወይ?» እያሉ በየሳምንቱ ከፈቱት አየር ሰጡት ማለት ነው። ከረጢቱን ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያኑሩት። አይጥ አንዴ ከቀደደው ተራ ማዳበሪያ ሆነ።

ጥያቄ፦ የነቀዝ ክኒን ባደርግበትስ?

መልስ፦ ሰው በሚያድርበት ቤት በፍጹም። ክኒኑ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ የተኙትንም ይገድላል። መስኮት መክፈት አያድንም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ፤ 25 ፓውንድ የስንዴ ዱቄት ገዝቼ ትል አወጣብኝ።

መልስ፦ የተበላሸውን ይጣሉ። አዲሱን ሲገዙ በትንንሹ አሽገው በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን ያቆዩት። ሲያወጡት የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አይክፈቱት፤ ቀዝቃዛ ዱቄት አየር ሲያገኝ ውኃ ይይዛል።