እርሳስ ያዙ፦ ወደ ዋልታ ለሚጓዙ ወጣት ጸሐፊዎች

ወደ ዋልታ ምድር ተጉዛችሁ መጻፍ የምትመኙ ወጣቶች፣

አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ድፍረት ነው። ድፍረት ብዙም አያስፈልግም። እዚያ ጸሐፊን ባዶ እጁን የሚመልሰው ያልተያዘ ማስታወሻ ነው። ጣት ሲደነዝዝ «ማታ ክፍሌ ገብቼ እጽፈዋለሁ» ይባላል፤ ማታ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ግን ከቀኑ የሚተርፈው «ነጭና ጸጥ ያለ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ይህንንማ ያልሄደም ሰው ይጽፈዋል።

ስለዚህ ከካሜራ በፊት እርሳስ ያዙ። የእስክሪብቶ ቀለም በብርድ ወፍሮ መውረዱን ያቆማል፤ እርሳስ ግን ብርድ አይበግረውም። ሁለት ሦስት ለስላሳ እርሳስና ኪስ የሚገባ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተር ይበቃል። እርሳሱን በክር ከደብተሩ ጋር እሰሩት፤ በረዶ ላይ የወደቀን እርሳስ በወፍራም ጓንት ማንሳት ፈተና ነው። እጃችሁ ላይ ስስ የሱፍ ጓንት፣ ከላዩ ደግሞ አራቱን ጣቶች በአንድ የሚይዝ ወፍራም ጓንት ይሁን። ስትጽፉ የላዩን ብቻ አውልቁ፣ ደቂቃ ያህል ጻፉ፣ መልሳችሁ አጥልቁ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፦ ሰዓት፣ የሙቀት መጠን፣ ነፋስ፣ በረዶው ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሰው የተናገረው ቃል በቃል። ነፋሱን በተለይ አትዝለሉት። −20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲታከልበት ገላ ላይ −33 ያህል ሆኖ ይሰማል። ደብተራችሁ ላይ «−20» ብቻ ከሰፈረ፣ ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ለምን ዝም እንዳለ ኋላ አይገባችሁም።

ጸሐፊ ሌላው ሲንቀሳቀስ ቆሞ የሚያይ ሰው ስለሆነ ከጓዶቹ ቀድሞ ይበርደዋል። በእግር ጉዞ ያላበው ገላ ሲቆም በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ጥጥ ደግሞ ላቡን ይዞ ስለሚቆይ ከውስጥ ሱፍ ልበሱ። ስትሄዱ ቀለል በሉ፤ ስትቆሙ ሳይበርዳችሁ በፊት የምትደርቡት የላባ ጃኬት ከቦርሳው አናት ላይ ይኑር። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ከታየ ውርጭ መትቶታል ማለት ነው። የተመታው ሰው ስለማይታወቀው እርስ በርስ ፊት ለፊት ተያዩ። በበረዶ ማሸት የሚባለው የድሮ ምክር ቆዳውን ይጎዳል። በሞቀ መዳፍ ሸፍኑት፣ ከነፋስም ግቡ።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ደረት ኪስ ውስጥ አሙቁ። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ ሳይሞቅ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል። ካሜራውን ወደ ሞቀ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ገና ደጅ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አጥብቃችሁ ቋጥሩ፤ አለዚያ የቤቱ እርጥበት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ቤት ውስጥም ለጥቂት ሰዓታት አትክፈቱት። ፎቶዎቹን ለማየት መቸኮል ብዙ ካሜራ ገድሏል።

የጉዞ ወረቀቱም ከብርዱ አይተናነስም። ስቫልባርድ፣ በሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ያለው የኖርዌይ ደሴቶች ስብስብ፣ በ1920 በተፈረመው ስምምነት መሠረት በራሱ ቪዛ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጣና (ከሼንገን) ውጭ ነው፣ መንገዱም አብዛኛውን ጊዜ ሼንገን ውስጥ ባለው በዋናው የኖርዌይ ምድር በኩል ነው። ቪዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻው ይዘጋባችኋል። በዚያው ስቫልባርድ ከ2025 ጀምሮ ከዋልታ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ስለሆነ ለአርታኢ «ድብን ከቅርብ» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

የደቡብ ዋልታዋ አንታርክቲካ ነባር ሕዝብ የላትም፤ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለው አርክቲክ ግን ሚሊዮኖች የሚኖሩበት አገር ነው። ግሪንላንድ ወይም የሰሜን ካናዳው ኑናቩት ደርሳችሁ «ባዶ ምድር» ብትጽፉ ያሳፍራል። ከአካባቢው ሰው አስጎብኚና አስተርጓሚ ቅጠሩ፣ ተገቢውን ክፈሉ፣ ከመቅዳታችሁና ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አዳኙ የባሕር በረዶውን ስንት ጊዜ ፈትሾ እንደሚረግጠው ማየት ከአሥር የጀንበር መግለጫ ይበልጣል።

ጽሑፍ የምታስረክቡበትን ቀን ስትቆርጡ ከመመለሻችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ትርፍ ያዙ። አውሮፕላኑም መርከቡም አየሩ ሲፈቅድ ነው የሚነሱት።