ነጭ ዓሣ በምን ያኝካል? የጣና ዓሣዎች አፍና ጉሮሮ፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ዓሣ ወዳጆች። ዛሬ ማታ ስለ ጣና ዓሣ አፍና መንጋጋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ዋጋ አልናገርም፤ መረብ አልሸጥም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ጉሮሮውን ሳታዩ ስለ ምግቡ አትፍረዱ።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ ነጭ ዓሣ አፉን ከፍቼ ባየው አንድ ጥርስ የለውም። በምን ያኝካል?

መልስ፦ እሰይ! ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጭንቅላቱን ከቀቀልክ በኋላ የስንጥቡን ክዳን አንሳና ስንጥቡን የተሸከሙትን ቅስት አጥንቶች አንድ በአንድ አውጣ። መጨረሻ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ የጎበጠ ጠንካራ አጥንት ታገኛለህ። ጥርሶቹ እሱ ላይ በሦስት ረድፍ ተተክለዋል። ከላይ የሚገጥማቸው ጥርስ የለም፤ ምግቡን የሚፈጩት ከራስ ቅሉ ሥር ካለ ጠንካራ ንጣፍ ጋር እያጋጩ ነው። አሁን ጥርሶቹን በጣትህ ዳብስ። ቀንድ አውጣ የሚሰብረው ጥርሱ ወፍራም፣ አናቱ ደልዳላ ነው፤ ልክ እንደ ወፍጮ ድንጋይ። በጎርጎራ ስም የተጠራው ጎርጎረንሲስ የሚባለው የነጭ ዓሣ ዝርያ እንዲህ ነው። ዓሣ የሚበላው ግን ጥርሱ ቀጭን፣ ጫፉም የተቆለመመ ነው።

ቀበሌ 16፦ ዓሣ ምን ይበላል?

መልስ፦ የትኛው ዓሣ? የት ያለ? ጫጩት ነው ትልቅ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ቀጥሎ።

ፒያሳ፦ ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ አይደል እንዴ? ሻጮቹ እንደዛ ነው የሚሉት።

መልስ፦ ሻጭ ምን ቸገረው! ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደዚህ መጥቶ ጥቂቶቹን ለይቶ ጽፏል። በኋላ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የጣናን ትልልቅ ነጭ ዓሣዎች በ15 ዝርያ መደቧቸው። የጢስ እሳት ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚሁ ሐይቁ ውስጥ ተለያይተው የወጡ ናቸው። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ነጭ ዓሣ ያለበት ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራ የለውም፣ ጉሮሮውም ጠባብ ነው። ለአዳኝነት የተፈጠረ አይመስልም። ግን ሜጋስቶማ የሚባለውን እዩት፤ አፉ ሰፊ፣ ሰውነቱ ረጅም ነው። አይነክስም። አፉን በድንገት ሲከፍት ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ትንሿ ዓሣም አብራ ትገባለች። ጉሮሮው ስለሚጠብ ግን ትልቅ ዓሣ መዋጥ አይችልም። ኔድጂያ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ ከድንጋይ ሥር የነፍሳት እጭ ያወጣል። ብሬቪሴፋለስ ጭንቅላቱ ትንሽ ነው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይለቅማል።

የጎርጎራ ልጅ፦ አምባዛስ? እሱም ዓሣ ይበላል።

መልስ፦ አምባዛ ያገኘውን ይበላል። አፉ ሰፊ፣ ጥርሱ ጥቃቅንና ብዙ፣ በደፈረሰ ውሃ በጺሙ ይዳብሳል። በቃ።

እማማ ጓዳ፦ በጾም ግን ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? ጎረቤቴ ይበላል ትላለች።

ፒያሳ፦ በዓቢይ ጾም አይበላም! ማነው የፈቀደው?

ቀበሌ 16፦ እኛ ቤት ሲበላ ነው ያደግነው። አንተ ማነህ ከልካይ?

ፒያሳ፦ ልማድና ሥርዓት ይለያያል ወንድሜ።

መልስ፦ ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እዚህ የምናወራው ስለ መንጋጋ ነው።

ማራኪ፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ልጆቹን አፉ ውስጥ ይዞ አየሁ። እየበላቸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። እናቲቱ ናት፤ እንቁላሉንም ጫጩቱንም አፏ ውስጥ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ እንደልቧ አትበላም። በሌላው ጊዜ ቆሮሶ አልጌ ይወዳል። ጨጓራው ኃይለኛ አሲድ አለው፣ አንጀቱም በጣም ረጅም ነው። ዓሣ በል የሆነው አንጀቱ አጭር ይሆናል። አንጀቱን ስታወጡ ዘርግታችሁ እዩት፤ ዝም ብላችሁ አትጣሉት።

አራዳ፦ ይቅርታ አሁን ገባሁ። ነጭ ዓሣ ጥርስ አለው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ ወዳጄ። ጉሮሮ አልኩ፣ ጉሮሮ!

አራዳ፦ እሺ ጋሼ። በሶ የሚባለው ዓሣስ?

መልስ፦ በሶ የታችኛው መንጋጋው ጠርዝ ስለታም ነው። ድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ ይፍቃል።

የአዘዞው፦ ክረምት ላይ መገጭ ወንዝ ሐይቁ ከሚገባበት መረብ ብጥል ትልልቆቹን አገኛለሁ?

መልስ፦ ታገኛለህ። ችግሩም እሱ ነው! ብዙዎቹ ነጭ ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁ መረብ የጣለ የከርሞውን ነው የሚያወጣው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቁጥራቸው በእጅጉ የወረደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አትጣል።

የጎርጎራ ልጅ፦ ትናንት ከያዝኩት ነጭ ዓሣ ጨጓራ ውስጥ ሙሉ ትንሽ ዓሣ ወጣ። ምን ዝርያ ነው?

መልስ፦ ጨጓራ የለውም አልኩ እኮ! ያየኸው የአንጀቱን የፊት ክፍል ነው፤ እዚያ ጋ ሰፋ ይላል። ዝርያውን በዚህ ብቻ አልነግርህም። ጭንቅላቱን ጥለኸዋል?

የጎርጎራ ልጅ፦ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

መልስ፦ በል የጉሮሮውን አጥንት አውጣና በደንብ እጠበው። ከላይም ከጎንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። በፍላሽ አታንሳው፣ ጥርሱ አይታይም።